የበረኪና ሰሞን

በምሠራበት የባንክ ቅርንጫፍ፣ በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ደንበኛው ሁሉ ከወጣና የብረት መዝጊያው እስከ ወገቡ ከወረደ በኋላ የሚመጡ አንድ ሰው ነበሩ። በጀርባቸው የሚያዝሏት ቢጫ መርጫ፣ በእጃቸው የሚያንጠለጥሏት ያረጀች የቆዳ ቦርሳ፣ ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ሰማያዊ ቱታ፤ ንብረታቸው ይኸው ነበር። ትክክለኛ ስማቸውን የሚጠይቅ አልነበረም። «ጋሽ ፍሊት» እንላቸዋለን፤ እርሳቸውም «አቤት» ይላሉ። ፍሊት የአንድ የውጭ አገር የትንኝ መድኃኒት የንግድ ስም ነበር። መድኃኒቱ ተረስቶ ስሙ ግን አማርኛችን ውስጥ ተጠልሎ ቀረ፤ ዛሬም የሚነፋው ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ፍሊት ነው።

የእኔ ድርሻ መፈረም ነበር። በቅርንጫፉ ውስጥ በዕድሜም በደረጃም ከታች ከሚቆጠሩት አንዱ ስለነበርኩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቀርቶ ሥራው መሠራቱን አይቶ ወረቀቱ ላይ የመፈረሙ ዕዳ በእኔ ላይ ይወድቃል። አልጠላሁትም። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄ ቀን ቀን የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ደግሞ ማንም ያላዘዘኝን ግጥም የምጽፍ ሰው ነኝና፣ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከአንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ጋር መቀመጥ ለእኔ ዕረፍት ነበር።

ዝምተኛ ያልኳቸው ሰው ስለ በረሮ ሲጠየቁ ግን ዝም አይሉም። ጠረጴዛዬ ሥር ተንበርክከው፣ ትንሿን ባትሪ በጥርሳቸው ነክሰው፣ ከመሳቢያዬ ጀርባ ያለውን ስንጥቅ አተኩረው ያያሉ። ከዚያ እንደ ጥርስ ሳሙና የሚጨመቅ ነገር ከቦርሳቸው ያወጡና የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ አስቀምጠው ያልፋሉ። በረሮዋ ያንን ትበላለች። ወዲያው አትሞትም፤ ወደ ጎሬዋ ተመልሳ እዚያ ትሞታለች። ኩሷንና ሬሳዋን የበሉት ደግሞ ተከትለዋት ይሞታሉ። ይህን የነገሩኝ ምሳ በበላሁ በሩብ ሰዓቱ ነበር።

«ታዲያ መርጫዋን ለምን ይሸከሟታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እናንተ እንድታዩዋት ነዋ ልጄ!»

መርጫዋ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነበረች። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በእርሳቸው ጉልምስና ዘመን የዚህ ሥራ ማረጋገጫው ሽታው ነበር። ቤቱ ሦስት ቀን ካልሸተተ ባለቤቱ ገንዘቡን ያስመልሳል። ኋላ ግን ሙያው ራሱ ተለወጠ። ብርቱ ሽታ ያለው ርጭት በረሮዎቹን ወደ ባሰ ጥልቅ ስንጥቅ ከማባረር በቀር እንደማይረባ፣ ማጥመጃውንም እንዳይበሉት እንደሚያስጠላቸው ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ባለሙያ ማለት ብዙ የሚረጭ ሳይሆን ብዙ የሚያይ ሆነ፤ ቀዳዳ የሚደፍን፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ የሚጠቁም፣ ፍርፋሪ እንዳይጣል የሚለምን። ጋሽ ፍሊት ይህን ከተማሩ በኋላ ደንበኞቻቸውን ለማስተማር ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። «ሽታ ከመጣ ሥራው ተበላሽቷል ማለት ነው» ይሉ ነበር። እዚህች ቃል ላይ አንባቢዬ እንዲቆይልኝ እለምናለሁ፤ በኋላ እመለስባታለሁና።

ይህን ሥራ የጀመሩት በበረሮ አልነበረም። በወጣትነታቸው በወባ መከላከል ሥራ ተቀጥረው በአዋሽ ሸለቆ ከመንደር መንደር ዲዲቲ ይረጩ ነበር። አገራችን የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ ዲዲቲም እስከ 2000 ዓ.ም. ገደማ ድረስ በቆላው የጭቃ ግድግዳ ላይ ሲረጭ ኖሮ፣ ትንኟ ስለለመደችው በሌላ መድኃኒት ተተካ። መጀመሪያ ላይ ሰው ዲዲቲን የወደደው በወባ ምክንያት አልነበረም፤ ትኋኑን ስለጨረሰለት ነው። ትኋን ዲዲቲን በለመደና አልሞት ባለ ጊዜ ሰዉ «መድኃኒቱ ደከመ» ብሎ በር መዝጋት ጀመረ። በመድኃኒት የተረጨውን ግድግዳ አዲስ ጭቃ የሚመርጉበትም ነበሩ። ከወባዋ ትንኝ ጋር የተያዘው ሒሳብ በትኋን ተወራረደ ማለት ነው። «ሰው የማያየውን ጠላት በሚያየው ነው የሚለካው» ብለውኝ ነበር፤ ያኔ እንደ ጥሩ ስንኝ ወሰድኩት እንጂ እንደ ማስጠንቀቂያ አልሰማሁትም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲ በግማሽ እንዲጭን፣ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ተባለ። ባንክ ግን አልተዘጋም። ደንበኛው ደጅ ላይ ከተቀመጠው ባለ ቧንቧ በርሜል እጁን ታጥቦ ይገባል፤ እኛም ከመስታወቱ ጀርባ በማስክ ታፍነን ሰው ሁሉ የነካውን ብር እንቆጥራለን። አንዳንዱ ብሩን በአልኮል አርሶ ይሰጠን ነበር። እርጥብ የመቶ ብር ኖት ቆጥሮ የማያውቅ ሰው የዚያን ሰሞን ፍርሃት የሚያውቅ አይመስለኝም።

የጋሽ ፍሊት ቀጣሪ ደንበኞቹን በአንድ ወር ውስጥ አጣቸው። ሆቴሎቹ ባዶ ሆኑ፣ ትምህርት ቤቶቹ ተዘጉ፣ ካፌዎቹ ወንበራቸውን ደረደሩ። ድርጅቱ ሊዘጋ ነው ሲባል አዲስ ማኅተም አስቀረጸ። «የተባይ መከላከል» የነበረው «የፀረ ተዋሕስያን ርጭት» ሆነ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ መርጫዎቹ አዲስ ተገዙ፤ የተባይ መድኃኒት በነበረበት በርሜል በረኪና አይበጠበጥምና። ጋሽ ፍሊት ከነኮፍያው ነጭ ቱታ፣ የዓይን መከለያና የጎማ ቦቲ ለብሰው በፊት ለፊት በር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው ገቡ። ለዓመታት በጓሮ በር ያስገባቸው የነበረው ጥበቃ ሰላምታ ሰጣቸው። «በረሮ እንጀራ ሰጥታኝ ነበር፤ ኮሮና ደግሞ ወጡን ጨመረችልኝ» ብለው ሳቁ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ግማሹ ተሰናብተው እንደነበር ግን የነገሩኝ ቆይተው ነው።

ማታ ማታ ከግጥሜ ይልቅ ስለዚህ ነገር ማንበብ ያዝኩ። ለካስ የእኛ አገር ወግ ብቻ አልነበረም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የተባይ ተቆጣጣሪዎችን ቤት እንዳይቀመጡ ከተፈቀደላቸው አስፈላጊ ሠራተኞች ዘርዝረዋቸዋል። ሬንቶኪል የተባለው ትልቁ የእንግሊዝ ተባይ አጥፊ ድርጅት በዚያው ዓመት በብዙ አገሮች የፀረ ተዋሕስያን አገልግሎት ከፍቷል። ነገሩ ሲታሰብ አያስገርምም። መርጫ ያላቸው፣ መከላከያ ለብሰው መርዝ መያዝ የለመዱ፣ የየሕንፃው ውል በእጃቸው፣ የየጓሮው በር ቁልፍ በኪሳቸው የነበረ እነርሱ ናቸውና። ሙያው ራሱስ ቢሆን የወረርሽኝ ልጅ አይደለም? እ.ኤ.አ. በ1943 መጨረሻ ናፖሊ ከተማ ውስጥ በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ በተነሣ ጊዜ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በየአንገትጌውና በየእጅጌው ዲዲቲ እየተነፋበት ነበር ወረርሽኙ የተገታው። የዲዲቲን ተባይ ገዳይነት ያገኘው ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር በ1948 በሕክምና የኖቤል ሽልማት ያገኘውም በዚህ መነሻ ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ የናፖሊው ተስቦ በእርግጥ በቅማሉ ይመጣ ነበር። የእኛ ደግሞ…

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ በራችን ከመከፈቱ በፊት ርጭት ይካሄዳል። እኔ እፈርማለሁ። ወረቀቱ በበሩ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ደንበኛው ወረቀቱን ያነባል፤ ከወረቀቱም ይልቅ አየሩን ያሸታል። ሽታው ካለ ፊቱ ይፈታል። አንድ ሐሙስ ጋሽ ፍሊት በሚመከረው ልክ አቅጥነው ቢረጩ ሥራ አስኪያጃችን ከቢሮው ወጥቶ «ዛሬ ውኃ ነው እንዴ የረጫችሁልን?» አለ። በሚቀጥለው ሰኞ በረኪናው በረከተ። በሚቀጥለው ደግሞ ይበልጥ። ጋሽ ፍሊት ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩት የኖሩት ትምህርት በአንድ ወር ፈረሰ፤ ሽታው ተመልሶ ሥራው ሆነ።

እኔም ተደስቼ ነበር፤ አልዋሽም። ፊርማዬ በመስታወቱ ላይ ሲለጠፍ የሆነ ነገር ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር።

ከእኔ ቀጥሎ ባለው መስኮት የሚቀመጡ አንዲት ገንዘብ ከፋይ ነበሩን፤ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው። ሃያ ዓመት በላይ ብር የቆጠሩ፣ እኔን «አንተ ባለቅኔ» እያሉ የሚቀልዱብኝ። አስም ነበረባቸው። ከሚያዝያ ጀምሮ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሳል ይጀምራቸው ነበር፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ሳል ማለት ምን እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ደንበኛው ከእርሳቸው ሰልፍ እየወጣ ወደ እኔ ይዞራል። እርሳቸው ጀርባቸውን አዙረው፣ መንፊያቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው በማስካቸው ሥር ይስባሉ። እኔ አያለሁ። የማየውን ነገር ምክንያቱን አውቃለሁ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ፊርማ የማን እንደሆነም አውቃለሁ። ግንቦት እስኪጋመስ ድረስ ምንም አላልኩም።

በዚያ ወር የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አወጣ፦ ቤት ውስጥ በየቦታው መርጨት እንደማይመከር፣ ጎዳና መርጨትም እንደማይጠቅም፣ ሰውን መርጨት ደግሞ በምንም ዓይነት እንዳይደረግ፤ የሚጸዳው ነገር በመጀመሪያ በሳሙና ታጥቦ ከዚያ በመድኃኒቱ በራሰ ጨርቅ ይወልወል ይላል። ቆሻሻ በረኪናን ያደክመዋልና በአቧራ ላይ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን አንብቤ ሰኞ ጠዋት ለጋሽ ፍሊት ብነግራቸው ፈገግ አሉ።

«እኔ መች አጣሁት ልጄ! ይህቺ ሴት እየታነቀች ነው። እኔም ማታ ማታ ደረቴን ያፍነኛል። እነዚያን ሁለት መስኮቶች ግን ማን ይከፍታል?»

ሁለቱ መስኮቶች ከፍ ብለው በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ናቸው። አቧራ ይገባል፣ ለጥበቃም አይመችም ተብለው ለዓመታት ተዘግተዋል። በዚያን ቀን እኔ፣ ጋሽ ፍሊትና ጥበቃው ሦስታችን ብቻ የምናውቀው ስምምነት ተደረገ። ጥበቃው መሰላል አምጥቶ መስኮቶቹን ይከፍታል። ጋሽ ፍሊት መርጫቸውን በር ላይ አቁመው፣ እጀታውን፣ ጠረጴዛውንና መስታወቱን በጨርቅ ይወለውላሉ። በመጨረሻም ደጃፉ ላይ፣ ከደረጃው በታች፣ ግማሽ ጣሳ በረኪና ይደፋሉ፤ ለሚያሸቱት። እኔ ደግሞ «ርጭት ተካሂዷል» በሚለው ሥር እፈርማለሁ።

ከሰኔ ጀምሮ በዚያ ዓይነት ስንት ጊዜ እንደፈረምኩ አልቆጠርኩም። አምስት ሳንቲም ሲጎድል ማታ እስኪገኝ የሚቆይ ሰው ነኝ፤ ሐሰት መሆኑ የታወቀ ወረቀት ላይ መፈረም ቀላል አልነበረም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን እውነት የነበሩት የሚያዝያ ፊርማዎቼ እንቅልፍ አለመንሣታቸው፣ ሐሰት የሆኑት የሰኔዎቹ ግን ማስነቃታቸው ነው። በአንዷ ሌሊት ይህችን ቋጠርኩ፤ ከዚህ በላይ አልሄደችልኝም፦

ደጃፉን አጥነን፣ መስኮቱን ዘግተን፣
ሽታውን ታቅፈን፣ ደኅና አደርን አልን።

ሳይንሱ ወዲያው በእኛ ወገን ቆመ ማለት ደስ ባለኝ፤ ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ተመራማሪዎች በሽታው በአየር እንደሚተላለፍ ይታመን ዘንድ በጋራ ጽፈው ጠየቁ። በሚያዝያ 2021 ደግሞ የአሜሪካ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ተሕዋሲው ያለበትን ዕቃ በመንካት የመያዝ ዕድሉ በአጠቃላይ ከአሥር ሺህ አንድ እንኳ እንደማይሞላ አስታወቀ። ያን ሁሉ በረኪና አሰብኩት። ከዚያ እነዚያን ሁለት መስኮቶች አሰብኳቸው።

አሁን ስለ አይጥ ልናገር፤ ኮሮና ሲመጣ የተረሳው አይጥ ነውና። ያው የአሜሪካ ማዕከል እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 ምግብ ቤቶች ሲዘጉ የሚበሉት ያጡ አይጦች ወደ መኖሪያ ሰፈር እየወጡ መሆናቸውን አስጠንቅቆ ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ የተባይ ውሉ ገንዘብ ወደ በረኪናው ዞረ፤ ጋሽ ፍሊትም በረሮውንና አይጡን ትተው ቢሮ ለቢሮ ሲዞሩ ከረሙ። እኛም ካፌ መሄድ ትተን ምሳችንን በየጠረጴዛችን ላይ ስለምንበላ፣ መሳቢያዬ ጀርባ ያለው ስንጥቅ ቀድሞ ነዋሪዎቹን መልሶ አገኘ። ይህ ቀላሉ ነው።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች መለወጣቸው ታወጀ። አሥሩ፣ ሃምሳውና መቶው በአዲስ ሊተኩ፣ ባለ ሁለት መቶም ሊጨመር፤ ለመለወጫው የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር። አገሩ ሁሉ ገንዘቡን ከየፍራሹ፣ ከየጋኑና ከየግድግዳው አውጥቶ ወደ እኛ መጣ። በጥቅምት አንድ ቀን ከእህል በረንዳ የመጡ አንድ አዛውንት ነጋዴ በፌስታል የታሰረ ነገር መስታወቱ ሥር አስገቡልኝ። ፈታሁት። መቶ ብሮች ነበሩ። ጠርዛቸው እንደ ዳንቴል ተበልቷል፤ መኻላቸው ላይ ቀዳዳ ያለባቸው አሉ፤ ከታች ያሉት ደግሞ ብር መሆናቸው የሚታወቀው በቀለማቸው ብቻ ነበር። በመኻል የአይጥ ኩስ።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» አልኩ፤ የሚጠየቅ ይመስል።

«መጋዘን ነበር ያስቀመጥኩት። በየሦስት ወሩ እየመጣ መድኃኒት የሚያኖርልኝ ሰው ነበረ፤ ከፋሲካ ወዲህ አልመጣም። ብደውልለት፣ አባቴ አሁን ኮሮና ላይ ነን አለኝ።»

ሰውዬው ማን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ጋሽ ፍሊት ይሁኑ፣ ከባልደረቦቻቸው አንዱ፣ ወይም የሌላ ድርጅት ሠራተኛ አላውቅም። እትዬ ወንበራቸውን ስበው መጡና ሁለታችን አንድ ሰዓት ሙሉ ብሩን አንድ በአንድ እየገለጥን ለየን። ልንቀበለው የምንችለው ከግማሽ ጥቂት ይበልጣል። የተቀረውን በፌስታሉ መልሰን ስንሰጣቸው አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው ሳኒታይዘር እንድናደርግላቸው ጠበቁ። አደረግንላቸው። አሽተውት፣ «ተመስገን» ብለው ሄዱ።

እትዬ በዚያው ዓመት መጨረሻ ጡረታ ወጡ። ቤታቸው ሄጄ ልጠይቃቸው ከወሰንኩ በኋላ እንኳ ሁለት ወር አንገራግሬያለሁ፤ የምናዘዘው ነበረኝና። ቡና ተፈልቶ፣ አቦል አልፎ ቶና ላይ ስንደርስ ነገርኳቸው። የሚያዝያውን ርጭት፣ ሳላቸውን እያየሁ ዝም ማለቴን፣ ከዚያም ስለ ጨርቁ፣ ስለ መስኮቱ፣ በደጃፍ ስለሚደፋው በረኪና። ይቅር እንዲሉኝ ወይም እንዲያመሰግኑኝ፣ ከሁለት አንዱን ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«እናንተ ናችሁ ለካ! እኔ እኮ ሽታው አዳራሹ ውስጥ ሲጠፋ እንዴት እንደፈራሁ አትጠይቀኝ። ተሰላቹ፣ መርጨት ተዉ ብዬ፣ ከሱቅ በረኪና እየገዛሁ ማታ ማታ እዚሁ ቤቴ ራሴ እረጭ ነበር።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቢጫዋ ጄሪካን አሁንም ቆማለች።

ጋሽ ፍሊት በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ፣ በአንዲት ቅዳሜ፣ በጓሮ በር ተመለሱ። ነጩ ቱታ ቀርቶ ሰማያዊው ተመልሷል። ደረጃውን ሲወጡ ሁለት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ። መርጫዋን አላመጧትም፤ ከብዳኛለች አሉ። ጠረጴዛዬ ሥር ተንበርክከው፣ ባትሪውን ነክሰው፣ ስንጥቁን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ኧረ አገር ሆኗል እዚህ!» ብለው የምስር ፍሬ የምታህለዋን ጠብታ አኖሩ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ለአንድ ፋይል ተመልሶ ሲገባ እርሳቸው ሄደው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ አየሩን ሳበ።

«ሰውዬው ዛሬም አልመጡም?»

«መጥተዋል» አልኩት። «ፈርሜያለሁ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ አሸተተ።